«ቁጭ ይበሉ፣ እኛ አለንልዎ» አይበሏቸው፦ ከስትሮክ በኋላ ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስትሮክ ስለመታው ሰው ናቸው። ጠያቂዎቹ ስለ መድኃኒት ብዙም አልጻፉም። «ሆስፒታሉ አትርፎ መልሶልናል፤ አሁን ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?» ነው የሚሉት። ይህን የሚመለከተው ሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጸዳዳት፣ መጻፍ፣ እንጀራ መጋገር የመሳሰሉትን የዕለት ተግባራት ራሳቸውን ልምምድ አድርጎ እጅንና አእምሮን ወደ ሥራ የሚመልስ ሕክምና ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ከቢቸና፦ «እናቴ ስትሮክ ከመታት አራት ወር ሆናት። ቀኝ እጇ ከትከሻው ትንሽ ይነሣል እንጂ አይጨብጥም። በግራዋ መብላት ስለምታፍር እኛ ነን የምናጎርሳት። አንዳንዴ ትን ይላታል። እጇ ይመለስ ይሆን?»

ከእጁ በፊት ትንታውን እናስቀድም። ስትሮክ የጉሮሮን ጡንቻም ሊያደክም ስለሚችል ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው ውኃ የያዘ ዓይነት የሚሆን ከሆነ፣ ምግብ በደከመው ጉንጭ ሥር ተጠራቅሞ ከተገኘ ወይም ሳልና ትኩሳት ከተደጋገመ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። እስከዚያው አልጋ ላይ ተንጋለው ሳይሆን ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ። አንዱ ጉርሻ ተውጦ ሳያልቅ ሌላው አይከተል፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ወፍራም ከሆነ ምግብ ይልቅ ውኃና ሻይ ቶሎ ወደ ትንፋሽ መተላለፊያ ይገባሉ፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይጠጡ። ፍቅር የሚገለጽበት ያ ትልቁ ጉርሻ ለእናትዎ አሁን አደገኛ ነው።

ማጉረሱ ሌላም ጉዳት አለው። በቀን ሦስት ጊዜ ለእጃቸው ሥራ የሚሰጠው ማዕዱ ነበር፤ ያ ሲቀር እጁ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት ያጣል። አእምሮም የማይሠራበትን እጅ እየተወው ይሄዳል።

አቀማመጣቸውን ያስተካክሉ። ሞሰብ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዱካ ላይ ጎንበስ ሲሉ ወደ ደከመው ጎን ይጋደላሉ። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ሁለቱም እግሮች መሬት ረግጠው፣ ትሪው በክርን ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ቀኝ ክንዳቸው ሙሉ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። ጭናቸው ላይ ወድቆ አይቅር። ትሪው እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ ያንጥፉ።

ከዚያ ለቀኝ እጅ የሚችለውን ሥራ ይስጡት። መጀመሪያ መጫን ነው። በግራ እጃቸው ቀኙን አንሥተው መዳፉን የእንጀራው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ቀኙ እንጀራውን ተጭኖ ሲይዝ ግራው ይቆርሳል። ይህ ጣት መጨበጥን አይጠይቅም፤ ክንድ መጫን ከቻለ ይበቃል። ቀጥሎ መግፋት ይምጣ፤ የወጡን ሳህን በእጃቸው ጎን እየገፉ ወደ ራሳቸው ያስጠጋሉ። ጣቶቹ መታጠፍ ሲጀምሩ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጀራ ጥቅል ያስይዟቸውና ግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ከሥር ደግፎ ወደ አፍ ያድርሱት። ለፍትፍት ማንኪያ ከተጠቀሙ እጀታውን በጨርቅ ወይም በብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ ቀጭን እጀታ ጠንካራ ጭብጥ ይፈልጋል። ሽሮው ወፈር ይበል፤ ቀጭን ወጥ ከጣት ላይ ስለሚፈስ ገና በሁለተኛው ቀን ተስፋ ያስቆርጣል።

ልምምዱ ገና ሳይደክሙ፣ ርቧቸው ሳለ፣ በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ይሁን። የቀረውን በግራቸው ይጨርሱ። እስከ መጨረሻው በቀኝ ካልበሉ ብሎ ማስጨነቅ ምግቡን ያቀዘቅዛል፤ እሳቸውንም ያስከፋል።

በግራ መብላት ነውር መሆኑን እኛም እናውቃለን። ለጊዜው የራሳቸው ሳህን ይኑራቸው፤ እንግዳ ሲመጣም ከቤተሰቡ ትልቅ የሆነው ሰው አንዲት ቃል ተናግሮ ይለፈው። ታጥቦ የቀረበ ግራ እጅ አንድ ጎልማሳ ሰው እንደ ሕፃን ሲጎርስ ከመዋል ይሻላል ብለን እናምናለን።

እጁ ይመለሳል ወይ? ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም። ጣት በራሱ መዘርጋት ከጀመረ ጥሩ ምልክት ነው። ጣቱ ባይመለስ እንኳ የሚጫን፣ የሚደግፍና የሚያቅፍ እጅ ማግኘት በእናትዎ ሁኔታ ሊደረስበት የሚችል ግብ ነው።

ከሞጣ፦ «አባታችን 68 ዓመታቸው ነው፤ ግራ ጎናቸው ደክሟል። ትከሻቸው ከቦታው የወረደ ይመስላል፣ ሌሊት ያማቸዋል። ወጌሻ ሁለት ጊዜ ስቦ አስገብቶት ነበር፤ ተመልሶ ወረደ።»

ተመልሶ የወረደው ውልቃት ስላልሆነ ነው። ክንድን በትከሻው ጉድጓድ ላይ አጥብቆ የሚይዘው በዋነኛነት ጡንቻ ነው። የአንድ ሰው ክንድ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ስለሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥና ሲቆም ትከሻው ላይ 3 ኪሎ ይንጠለጠላል ማለት ነው። ጡንቻው ሲላላ ክንዱ ይወርድና ከትከሻው ጫፍ በታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ተስቦ የሚገባ አጥንት የለም፤ መሳቡ ግን የላላውን ጅማት ይጎዳል። ስለዚህ ወጌሻው ይቅር። በቅባት ቀስ ብሎ መዳበስ አይከለከልም፤ የጋለ ድንጋይና የጋለ ውኃ ግን አይሆንም። የደከመው ጎን ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ቆዳው እየተቃጠለም ዝም ይላል።

ትከሻ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ባለማወቅ ነው። ከአልጋ ሲያነሡ እጃቸውን ይዘው ይስባሉ፣ በብብታቸው ገብተው ያነሣሉ። ጠያቂውም «እስቲ ጨብጡኝ» እያለ ግራ እጃቸውን ጎትቶ ሰላም ይላል። አባታችሁ በደህና እጃቸው ሰላም ይበሉ፤ ሲነሡም ደረታቸውንና ወገባቸውን እንጂ ክንዳቸውን አትያዙ። ክንዱን ከትከሻ ከፍታ በላይ አታንሡ፤ ገመድ ጣራ ላይ አንጠልጥሎ መጎተትም ይቅር።

ሲቀመጡ የተጣጠፈ ጋቢ ከክንዳቸው ሥር ይግባ፤ ከክርን እስከ ጣት ሁሉም ይደገፍ። በደህናው ጎን ሲተኙ የደከመው ክንድ ትራስ ላይ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይረፍ። በደከመው ጎን መተኛትም ይቻላል፤ ግን ትከሻው ከሥር እንዳይታጠፍ መጀመሪያ ወደ ፊት ይውጣ። አንገት ላይ የሚታሰር ማንጠልጠያ ሲራመዱ ብቻ ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ከዋለ ክርኑ ታጥፎ ይደርቃል።

ልብስ ሲለብሱም ተመሳሳይ ጉዳት አለ። ደንቡ አጭር ነው፦ የደከመው እጅ ቀድሞ ይለብሳል፣ መጨረሻ ይወልቃል። ሸሚዙን ውስጡን ወደ ላይ አድርገው ጭናቸው ላይ ይዘርጉት፤ የግራው እጅጌ በጉልበቶቻቸው መካከል ወደ መሬት ይንጠልጠል። ጎንበስ ብለው በቀኝ እጃቸው የግራውን እጅ እጅጌው ውስጥ ይክተቱ፤ ክንዱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። እጅጌው ክርን አልፎ እስከ ትከሻ ካልተሳበ፣ ሸሚዙን በጀርባ ሲያዞሩት ክንዱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የብዙ ሰው ትከሻ በየጧቱ የሚታመመው በዚህች ስሕተት ነው። ትከሻ ላይ ከደረሰ በኋላ በአንገት ዙሪያ አዙረው ቀኙን ያስገባሉ፤ ቁልፉንም ከታች ወደ ላይ ይቆልፋሉ። ለታች ልብስ ረጅም ሱሪ ከመታገል የአገሩ ቁምጣ፣ ወገቡ ላስቲክ ከሆነ፣ በአንድ እጅ በቀላሉ ይለበሳል። መጀመሪያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቢፈጅባቸውም ሥራውን አትቀሟቸው፤ በአሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ቀስቅሷቸው።

እጁ ካበጠ፣ ከቀላና ሲነካ ከጮኹ ይህ ሌላ ችግር ስለሆነ ሐኪም ይየው።

ከደንበጫ፦ «አያቴ መጸዳጃ ቤት መቀመጥ አይችሉም፤ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። አሁን በዳይፐር ናቸው፣ ይህ ግን ያሳዝናቸዋል።»

አናጢ ይጥሩ። ጉድጓድ ላይ የሚቀመጥ፣ መቀመጫው የተበሳ ወንበር በአንድ ቀን ይሠራል። ከፍታው እግራቸው መሬት ረግጦ ከወለል እስከ ጉልበታቸው ጀርባ የሚለካው ነው፤ ለብዙ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከዚህ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ቢጨምር መነሣት ይቀላል፤ ቢቀንስ ይከብዳል። ቀዳዳው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ሻካራ እንጨት የማይሰማውን ቆዳ ያቆስላል። አራቱ እግሮች ወደ ውጭ ሰፋ ይበሉ፣ ወለሉ አፈር ከሆነ ጥቂት ይቀበሩ። የሚንሸራተት ወንበር ጭራሽ ወንበር ከማጣት የባሰ ነው።

በደህናው ጎን በኩል የሚይዙት አግዳሚ ይኑር። ቅርፊቱ የተላጠ የባሕር ዛፍ አጠና 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው እጅ ሙሉ ይሆናል፤ የሚቸነከርበት ምሰሶ ግን ወፍራም ሆኖ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይቀበር። ብዙ ቤት ውስጥ ያየነው ስሕተት አግዳሚውን በደከመው ጎን ማድረግ ነው፤ «ያን ጎን ይደግፋቸው» ተብሎ። እጁ ካልጨበጠ ምን ይይዛል?

ሲነሡ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጉ። ተረከዛቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ፣ ሁለቱም እግሮች እኩል ይርገጡ። አፍንጫቸው ከእግራቸው ጣት በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ከዚያ ገፍተው ይነሡ። ሳይጎነበሱ ወደ ላይ ለመነሣት የሚሞክር ሰው ወደ ኋላ ይወድቃል። ረዳቱ በደከመው ጎን ይቁምና ጉልበታቸው እንዳይከዳቸው በራሱ ጉልበት ከፊት ይደግፍ።

ሰዓት ይጠብቁላቸው፤ ቁርስ እንደበሉ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሊተኙ ሲሉ። ለሌሊት ፖፖ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ። ገላቸውንም ተቀምጠው፣ የውኃውን ሙቀት በደህናው እጃቸው ለክተው ይታጠቡ።

ከዳንግላ፦ «ባለቤቴ ትሪው ላይ በግራ በኩል ያለውን ወጥ አትነካም። በር ስትገባ ግራ ትከሻዋ ይጋጫል። የዓይን ሐኪም ዓይኗ ደህና ነው ብሏል። ምጣድ ላይ እንድትቀመጥ እንፍቀድላት?»

ገና ነው፤ አይፍቀዱላት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የቀኝ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የትኩረት ችግር ነው። ዓይኗ ያያል፤ አእምሮዋ ግን ግራውን ዓለም እንዳለ አይቆጥረውም። ስንፍናም እልህም አይደለም። «ግራሽን እይ» ብሎ መቆጣት አይሠራም፤ እሷ እንዳየች ነው የሚሰማት።

የሚሠራው ምልክት ነው። ከአሮጌ ነጠላ ደማቅ ጥለት ቀድደው በትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ያስሩ። መብላት ከመጀመሯ በፊት ራሷን አዙራ ጥለቱን በጣቷ ትንካ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ እየቃኘች ትምጣ። ጥለቱን ሳታገኝ ጉርሻ የለም። ዓይን ብቻ ሳይሆን ራስና አንገት አብረው ይዙሩ። በቀን ሁለት ጊዜ ደግሞ 20 ፍሬ ሽንብራ በትሪ ላይ በትነው ሁሉንም ታንሣ፤ የቀሩትንና የት እንደቀሩ ይቁጠሩ። ከሳምንት ሳምንት ቁጥሩ ሲቀንስ እሷም ታየዋለች። ምስር መልቀም ከዚህ የተሻለ ልምምድ ነው፤ ለቤቱም ይጠቅማል።

ሲያጫውቷት በግራዋ ይቀመጡ። ነገር ግን ሌሊት የምትጠጣው ውኃ፣ ባትሪዋ፣ ከዘራዋ በቀኝ ይሁኑ፤ ልምምድ በግራ፣ ደኅንነት በቀኝ። ይህን የሚያምታቱ ቤተሰቦች አሉ፤ ሁሉን ነገር በግራ አድርገው ሰውየው ሌሊት ሲጠማ ያድራል።

ምጣዱን በተመለከተ፦ መጀመሪያ እሳት በሌለው ምጣድ ትለማመድ። ማሰሻውን ይዛ ምጣዱን በሙሉ ታብስ፤ ግራው ጠርዝ ሳይነካ መቅረቱን ይመልከቱ። ከዚያ ውኃ በማዞሪያ ይዛ ከዳር ወደ መሃል ታዙር፣ አክንባሎውን ትክደን። ይህን በተከታታይ ቀናት ያለ አስታዋሽ ከሠራች፣ ሊጥና እሳት ይግባ፤ ሌላ ሰው ግን በግራዋ ይቀመጥ። ነጠላዋን ትጠፍር፤ በግራ በኩል የተንዘረፈፈ ጫፍ እሳት ሲይዝ አታውቀውም።

ከደብረ ወርቅ፦ «መሪጌታ ነኝ። ቀኝ እጄ ከደከመ ሰባት ወር ሆነ። ጣቶቼ ትንሽ ይዘረጋሉ፣ ጽሕፈት ግን እምቢ አለኝ። ኳስ እጨምቃለሁ፣ እጄ ግን ይበልጥ እየተጨበጠ መጣ። ከማኅሌትም ቀረሁ።»

መሪጌታ፣ ኳሱን ይተዉት። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጨብጠው ጡንቻ ያለ ልክ ይወጠራል፤ የሚጎድለው የሚዘረጋው ነው። ይዞ መልቀቅ ያለበትን ሥራ ይምረጡ። ለእርስዎ የሚስማማ መሣሪያ እጅዎ ላይ አለ፤ መቁጠሪያው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያንዳንዱን ፍሬ ይዞ መልቀቅ፣ 41 እግዚኦታ እስኪያደርሱ። ሁለተኛው አትሮንስ ላይ የመጽሐፍ ቅጠል መግለጥ ነው። ሦስተኛው ስኒ አንሥቶ፣ ወስዶ፣ ጣትን ዘርግቶ መልቀቅ። በአንድ ቁጭታ ከ30 እስከ 50 ጊዜ ይደጋገም። ከአሥር ስምንቱ ከተሳካ ያክብዱት፤ ከአምስት በታች ከሆነ ያቅልሉት።

አንጓዎን 20 ዲግሪ ያህል፣ ጣቶችዎን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ማንሣት ከቻሉ ደህናውን እጅ አስሮ የደከመውን ማሠራት የሚባለው ዘዴ ለእርስዎ ይሆናል። በሕክምና ቦታ ጠንከር ባለ መልኩ ለሁለት ሳምንት፣ በቀን እስከ 6 ሰዓት ይሠራል። ቤት ውስጥ ግራ እጅዎን ወፍራም ካልሲ ውስጥ ከትተው፣ ተቀምጠው፣ በቀን 2 ሰዓት ይጀምሩ። ሲራመዱ፣ ደረጃ ሲወጡና ትኩስ ነገር አጠገብ ሲሆኑ ካልሲው ይውለቅ።

ለጽሕፈት ብዕሩን በጨርቅ አወፍሩት፤ መቃ ብርዕ ራሱ ወፈርና ቀለል ስለሚል ከእስክሪብቶ ይሻላል። ወረቀቱን በአራት ማዕዘኑ ሰሌዳ ላይ ያጣብቁ። መጀመሪያ ፊደል ሳይሆን ቁመትና አግድም መስመር፣ ከዚያ ክብ፤ ፊደሉም ሲጀምር 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው። ትንሽ ፊደል በጣት ይጻፋል፣ ትልቁ በትከሻና በክርን፤ የእርስዎ ትከሻ ደግሞ ከጣትዎ ቀድሞ ተመልሷል።

መቋሚያ የመራመጃ ከዘራ አይደለም፤ ረጅም ነው፣ ሰውነትን ያጣምማል። ለመራመድ ቆመው እጅዎን ሲጥሉ እስከ አንጓዎ የሚደርስ ዱላ በግራ እጅዎ ይያዙ፤ ዱላ፣ የደከመው እግር፣ ደህናው እግር። ጸናጽሉን ግን እቤት ተቀምጠው፣ እጀታውን አወፍረው፣ ቀስ ብለው በቀኝዎ ይሞክሩት። ወደ ማኅሌት ሲመለሱ ከግድግዳ አጠገብ 10 ደቂቃ ከመቆም ይጀምሩ፤ ሌሊቱን በሙሉ ለመቆም አይቸኩሉ። በዚህ ሁሉ መካከል እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብና ሰው ካስጠላዎ ይህም በሽታው የሚያመጣው ነው፤ ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። መድኃኒት አለው፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከቡሬ፦ «ጠበል ስለገባን የግፊት መድኃኒቱን አቆምን። ልክ ነን?»

አይደላችሁም። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ያዙ። ለስትሮክ ዋናው መንሥኤ የደም ግፊት ነው፣ ሁለተኛው ስትሮክ ደግሞ በመጀመሪያው ላይ ይደመራል። በጾም የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ያስተካክሉ። ጠበሉ ሥር ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ሕመምተኛው ተቀምጦ ይጠመቅ፣ ሰው በደከመው ጎኑ ይቁም።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የት እናገኛለን?»

ሙያው በአገራችን አዲስ ነው፤ ትምህርቱ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፣ ባለሙያው ግን ገና ጥቂት ነው። በሪፈራል ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን ይጠይቁ። ሲሄዱ ሦስት ነገር ይያዙ፦ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነእሽጋቸው፤ ሕመምተኛው ራሱ መሥራት የሚፈልጋቸውን ሦስት ተግባራት፣ በቅደም ተከተል፤ እና ከአልጋ ሲነሣና ሸሚዝ ሲለብስ የሚያሳይ የአንድ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ። ቪዲዮውን ሲቀርጹ አይርዱት፤ ባለሙያው ማየት የሚፈልገው የት ላይ እንደሚቆም ነው።